ዝገት ነው ወይስ ወዝ?

(በምሩቃን መገናኛ ዕለት ለቀድሞ ተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር። ለዓመት መጽሐፋችን ሲዘጋጅ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተስተካክሏል።)



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ሃያ ደቂቃ ሲሰጠው መግቢያውን ሳይጨርስ ደወል ይደወልበታል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ፓቲና ይባላል። ዘመንና አገልግሎት በአንድ ዕቃ ገጽ ላይ የሚተዉት ልባስ፣ ቀለምና ልስላሴ ማለት ነው፤ የነሐስ ሐውልት አረንጓዴነት፣ የአሮጌ ወንበር ማብለጭለጭ፣ የጥንት ሥዕል ወርቃማ ጥቁረት። ከቋንቋ ክፍል የመጣችሁ ወዳጆቼ “የኬሚስትሪ ሰው ስለ ቃል ምን አገባው?” ትሉ ይሆናል። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዝገት በማጥናትና በማስተማር ነው። ስለ ዝገት ሲጠይቁኝ መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከእድሳት ኮሚቴያችን ደብዳቤ ደረሰኝ። በድሮው ንባብ ክፍል ያሉት የዋንዛ ጠረጴዛዎች “ስላረጁና ስለጠቆሩ” ገጻቸው በማሽን ተፍቆ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደ አዲስ እንዲሆኑ ታስቧል፤ ገንዘቡም ከእናንተው መዋጮ ተገኝቷል፤ እባክህ የሙያ አስተያየትህን ስጥ ይላል። መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ልንገራችሁ።

በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ሁለተኛ ዓመትን ጨርሼ፣ አያቴ ዘንድ ለእረፍት ሄድኩ። አያቴ ቤት ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበረች። መቀመጫዋ ጎድጎድ ብሎ፣ ጠቁሮ፣ እንደተቆላ ቡና ያብለጨልጫል። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ! ከከተማ የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ጣሳ ቫርኒሽ ይዤ ሄጃለሁ፤ አያቴን ላስደስት። ገበያ ወርደው እስኪመለሱ ድረስ በርጩማዋን እስከ ነጭ እንጨቷ ፍቄ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። ሲመለሱ ቆመው አዩዋት። አልተቆጡም። ማታ ቡና እያፈሉ፣ ዓይናቸውን ከጀበናው ሳያነሡ፣ “ልጄ፣ አያትህን ከተቀመጠበት አስነሣኸው” አሉኝ።

ወንድ አያቴ ካረፉ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በርጩማዋ የእሳቸው ነበረች። ይህን አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅኩማ።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ቃሉ ከየት እንደመጣ እንይ። ፓቲና በመጀመሪያ ከዘመንም ከውበትም ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በሮማውያን ላቲን ፓቲና ማለት ዝርግ ሰሃን ወይም መጥበሻ ነው። በዚያ መጥበሻ የሚሠራው ምግብም በዚያው ስም ይጠራ ነበር። የዚሁ ቃል ማሳነሻ ፓቴላ፣ ትንሽ ሰሃን፣ ዛሬ ሐኪሞች የጉልበትን ክብ አጥንት የሚጠሩበት ስም ናት። ሮማዊው ጉልበቱን አይቶ ትንሽ ሰሃን አለው፤ የእኛ ሰው አይቶ ሎሚ አለው። ከሕክምና የመጣችሁ ፍረዱ፤ እኔ ከሎሚው ጋር ነኝ።

ሮማውያን በመዳብና በነሐስ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ነገር ፓቲና አላሉትም። ለእሱ ኤሩጎ የሚል ሌላ ቃል ነበራቸው፤ የመዳብ ዝገት ማለት ነው። ፓቲና አሁን ወደምናውቀው ትርጉሙ ተሻግሮ የምናገኘው ብዙ ዘግይቶ፣ በጣሊያን፣ በሠዓሊዎች አፍ ነው። ፊሊፖ ባልዲኑቺ የተባለ የፍሎረንስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1681 የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሙያ ቃላትን የያዘ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እዚያ ውስጥ ቃሉን ሲፈታ፣ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት መሆኑን፣ በሌላ ስም “ቆዳ” እንደሚሉት፣ ዘመን በሥዕል ገጽ ላይ ሁሉ የሚያመጣው ጥቁረት መሆኑን ይናገራል። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፦ ይህ ጥቁረት አንዳንድ ጊዜ ሥዕሉን ይጠቅመዋል ይላል።

“አንዳንድ ጊዜ” የምትለዋን ያዙልኝ። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ እሷ ላይ የቆመ ነው።

ከመጥበሻ ወደ ሥዕል እንዴት ተሻገረ? የቃላት አጥኚዎች ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ በአሮጌ የመዳብ ሰሃን ላይ የሚያድረው ልባስ ነው የሚል ነው። ያም ሆነ ይህ ቃሉ ከጣሊያን ወደ ፈረንሳይ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ወደ እንግሊዝ ገባ። የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢው፣ ሐውልት ሠሪው፣ የቤት ዕቃ ነጋዴው ሁሉ ወሰደው። ነጋዴ ሲገባበት መቼም ማጭበርበር አይቀርም። ትናንት የተቀባ ሥዕል በጢስና በጠቆረ ቫርኒሽ “የጥንት” ተብሎ ይሸጥ ጀመር። ዊልያም ሆጋርት የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ በዚህ ተናዶ በ1761 አንድ የሽሙጥ ሥዕል አሳተመ። ሽማግሌው ዘመን ቁጭ ብሎ ፒፓውን እያጨሰ ጢሱን ሥዕል ላይ ያቦነዋል፤ ማጭዱ ደግሞ ሸራውን ቀዶታል። ጠቆረ ማለት ተዋበ ማለት አይደለም ማለቱ ነው። ሆጋርት እውነቱን ነው፤ ባልዲኑቺም እውነቱን ነው። ችግሩ ያለው “አንዳንድ ጊዜ” የቱ ጊዜ እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። መዳብ አየር ሲያገኘው መጀመሪያ ኩፕራይት የሚባል ቀይ ቡናማ ኦክሳይድ ያለብሰዋል። ዓመታት ሲያልፉ ይጠቁራል። ከዚያም በአየር ውስጥ ካለው እርጥበትና የድኝ ውሁድ ጋር እየተዋሐደ ብሮካንታይት ወደሚባል አረንጓዴ ጨው ይለወጣል። ይህ ልባስ ቀጭን ነው፤ ከሥሩ ካለው መዳብ ጋር ግን አጥብቆ ይጣበቃል፤ የመበላቱንም ፍጥነት እጅግ ይቀንሰዋል። መዳቡ ለራሱ ልብስ ሰፍቶ ለበሰ ማለት ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣችሁ ብዙዎቻችሁ በኒውዮርክ ወደብ ያለውን የነፃነት ሐውልት አይታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1886 ሲመረቅ አረንጓዴ አልነበረም፤ የአዲስ መዳብ መልክ ነበረው። የመዳቡ ውፍረት 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አረንጓዴው እየተስፋፋ ሲመጣ ባለሥልጣናቱ ሐውልቱ ተበላሸ ብለው ደነገጡ። በ1906 ቀለም ይቀባ ተብሎ ገንዘብ ተመደበ። ሕዝቡ ግን ተቃወመ። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ልባሱን መረመሩና መዳቡን እየጠበቀው ነው የሚል ውጤት ላይ ደረሱ። ስለዚህ ከውጭ ሳይቀባ ቀረ። ዛሬ ያን አረንጓዴ እንፋቀው የሚል ሰው ቢነሣ ጤናው ያጠራጥራል።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ለመቶኛ ዓመቱ ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው እድሳት መዳቡ ባመዛኙ ደህና ሆኖ ተገኘ። ክፉኛ የተበላው ከውስጥ ደግፎ የያዘው የብረት አጽም ነበር። ብረትና መዳብ እርጥበት ባለበት ሲነካኩ ብረቱ ይበላል፤ ይህን የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ዝገቱ እያበጠ መዳቡን ገፍቶት፣ የተያያዘበትን ብዙ ችንካር ነቃቅሎት ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መዳቡን ከነአረንጓዴው ተዉት፤ የዛገውን የብረት አጽም ግን በማይዝግ ብረት ተኩት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሐውልቱ አንድ ነው፤ አየሩም አንድ ነው። ከውጭ ያለው እርጅና የሚጠበቅ ሆነ፣ ከውስጥ ያለው እርጅና የሚጣል ሆነ። ዝገት ያብጣል፣ ይቦረቡራል፣ ይረግፋል፤ በረገፈ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ለእርጥበት አሳልፎ ይሰጣል። ፓቲና ግን ይጣበቃል፣ ያርፋል፣ ይጠብቃል። በቀለም ብቻ መፍረድም አይቻልም። ከመሬት በተቆፈረ ነሐስ ላይ አንዳንዴ እንደ ዱቄት የሚበተን ፈዛዛ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። ይህ “የነሐስ በሽታ” ይባላል፤ ክሎራይድና እርጥበት ሲገናኙ የሚነሣ ነው፤ ካልታከመ ዕቃውን ውስጥ ለውስጥ ይጨርሰዋል። እሱም አረንጓዴ ነው፤ ፓቲናም አረንጓዴ ነው። ለመለየት መመርመር ያስፈልጋል።

ሊቃውንትም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1994 በቫቲካን የሲስቲን ጸሎት ቤት የሚካኤል አንጄሎ ሥዕሎች ሲጸዱ ከጥቁረቱ ሥር ማንም ያልጠበቀው ደማቅ ቀለም ወጣ። ግማሹ “የዘመናት የሻማ ጢስ ተነሣ” ብሎ ደስ አለው፤ ግማሹ “ሠዓሊው ራሱ በመጨረሻ የጨመረው ጥላም አብሮ ታጠበ” ብሎ አዘነ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ የተተወ ቆሻሻ ነገም ሊጸዳ ይችላል፤ የተፋቀ ወዝ ግን ተመልሶ አይለጠፍም።

ወዝ አልኩ አይደል? አመለጠኝ እንጂ ቃሉን ለመጨረሻ አስቀምጬው ነበር። ፓቲናን በአማርኛ ምን እንበለው? ዝገት፣ እድፍ፣ ጥላሸት፣ ሻጋታ የሚሉ ቃላት አሉን፤ ሁሉም ክስ ናቸው። “ካረጁ አይበጁ” የሚል ተረትም አለን። በቃላችን ብንመዘን ለአሮጌ ነገር ደግ ሕዝብ አንመስልም።

እስቲ ግን ወደ ማድ ቤት ግቡ። አዲስ የሸክላ ምጣድ እንጀራ ይይዛል። ስለዚህ እናቶቻችን እሳት ላይ ጥደው፣ የተወቀጠ የጎመን ዘር እየበተኑ ደጋግመው ያሹታል፤ ያሟሹታል። የጎመን ዘሩ ዘይት በሸክላው ቀዳዳ ገብቶ በግለቱ ይጠነክርና ጥቁር ለስላሳ ገጽ ይሆናል። በየጋገራው በማሰሻ ሲታሽ ደግሞ ይጠናል። ብዙ የጋገረ፣ የጠቆረ ምጣድ ከአዲስ ምጣድ ይበልጣል። ቢሰበር ሴቶች የሚያዝኑት ለሸክላው ዋጋ አይደለም። ሮማዊው ለመጥበሻው ስም ሰጠ፤ የእኛ እናቶች ደግሞ መጥበሻው ላይ ለሚሠሩት ሥራ ስም ሰጡ። ማሟሸት በትዕግሥት የሚሠራ ፓቲና ነው።

ለሚቀረው ለስላሳ ገጽ ደግሞ ወዝ ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ወዝ በፊት ላይ የሚታየው ጤናማ ቅባት ነው፤ ልፋት የሚያመጣው ላብም ነው። “ፊቱ ወዛ”፣ “ወዘናው ያምራል” እንላለን። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘፍጥረት፣ አዳም እንጀራውን የሚበላበት ላብ የተተረጎመው ወዝ ተብሎ ነው። ስለ እንጨት ስናወራ ደግሞ ቃሉ ምሳሌ እንኳ አይደለም። የጠረጴዛን ጠርዝ የሚያብለጨልጨው በዓመታት ውስጥ የገባበት የሰው እጅና ክንድ ቅባት ነው። ቃል በቃል ወዝ ነው።

ይህን ቃል መጀመሪያ ያሰበልኝ እኔ አይደለሁም። በ1969 ዓ.ም. ከዘመቻ መልስ ንባብ ክፍሉ ውስጥ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጥ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ቋንቋ ያጠና ነበር። በእኔ ዘመን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ፕሮሌታሪያት የሚለውን ቃል በአማርኛ “ላብ አደር” እንበለው ወይስ “ወዝ አደር” የሚል ክርክር ነበር። ለዛሬ ልጆች ቀልድ ይመስላቸዋል። ያኔ ግን ቃል መምረጥ ጎራ መምረጥ ነበር፤ ጎራ መምረጥ ደግሞ ምን እንደሚያስከፍል ታውቃላችሁ። እኔና እሱ በአንድ ጎራ አልነበርንም፤ ጠረጴዛችን ግን አንድ ነበር። አንድ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ፖለቲካውን ተወውና ቃሉን ብቻ ስማው፤ ላብ ይደርቃል፣ ወዝ ግን የነካው ላይ ይቀራል” አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም። ቤተሰቡም አልቀበረውም። ስሙን የምታውቁ እዚህ አላችሁ፤ እኔ አልጠራውም። የስሙ ሁለት ፊደላት ግን ከመስኮቱ በሦስተኛው ጠረጴዛ፣ በስተቀኝ ጠርዝ ላይ አሉ። በሳንጃ ጫፍ ነው የጻፋቸው፤ ጥልቅ አይደሉም። ማሽን አንዴ ቢያልፍባቸው ይጠፋሉ።

ደብዳቤው ላይ እጄ አልሄድ ያለው ለዚህ ነው።

አሁን ግን ሐቀኛ ልሁን፤ ትዝታ ያለው ሰው ዝገቱንም ወዝ ይለዋል። እኛ ምሩቃን እንዲህ በተሰበሰብን ቁጥር ያለፈውን ዘመን በቫርኒሽ እንቀባዋለን፤ ምግቡ ጣፋጭ፣ መምህሩ ሁሉ ሊቅ፣ ተማሪው ሁሉ ጀግና ይሆናል። የሐሰት ፓቲና ማለት ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት ክፍሉን ላይ ሄጄ አንዲት ተማሪ አገኘሁና ስለ ጠረጴዛው ጠየቅኳት። “ጋሼ፣ ጠረጴዛውስ ያምራል፤ ግን ይንገዳገዳል። ሶኬትም የለም፣ አምፖሉም ግማሹ አይበራም” አለችኝ። እውነቷን ነው። የተላጠው የመብራት ገመድ ወዝ አይደለም፤ ዝገት ነው። የሚያፈስሰው ጣሪያ ዝገት ነው። ትልቁ የተዘጋ በርም ዝገት ነው። እነዚህ ያለ አንዳች እንባ ይቀየሩ።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያልጻፍኩትን መልስ እዚሁ ልስጥ። አንደኛ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ለጣሪያው፣ ለመብራቱና ለሶኬቱ ይዋል። ሁለተኛ፣ የጠረጴዛዎቹ እግር በደህና አናጢ ይጠገን፤ የላላው ይጥበቅ፣ የበሰበሰው ይተካ። ሦስተኛ፣ ገጻቸው አይፋቅ። ይጽዳ። ለስላሳ ጨርቅ ትንሽ ረጠብ ተደርጎ፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ተሞክሮ፣ የሚለቀው አቧራና እድፍ ይነሣ፤ የማይለቀው ይተው። ከደረቀ በኋላ ስስ የንብ ሰም ይታሽበት። አራተኛ፣ የማይድን ጠረጴዛ ካለ ከመጣሉ በፊት በላዩ የተጻፈው ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ ይመዝገብ። አምስተኛ፣ ከማናችንም ይልቅ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት የዛሬዎቹ ተማሪዎች ናቸውና እነሱ ይጠየቁ። ይህ ሁሉ በማሽን ከመፋቅ ብዙ የሚወደድ አይመስለኝም። ቢወደድም እኔ መዋጮዬን በእጥፍ እከፍላለሁ፤ እዚሁ በእናንተ ፊት ቃል ገብቻለሁ።

በርጩማዋ ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። አያቴ ሲያርፉ ለእኔ ደረሰችኝ። ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ናት። ያ ቫርኒሽ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ከዚያ በኋላ ምንም አልቀባኋትም፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩባት። ሃምሳ ዓመት አለፈ። አሁን መሃሏ ጠቆር ብሎ ማብለጭለጭ ጀምሯል። የልጅ ልጆቼ ይወዷታል። ግን እኔ አውቃለሁ፤ ወዟ የእኔ ነው፣ የእሳቸው አይደለም።

ነገ ጠዋት ንባብ ክፍሉ እንዲከፈትልን ጠይቄያለሁ። ቁርስ በልታችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ። የለመዳችሁበት ቦታ ቁጭ በሉና እጃችሁን በጠርዙ ላይ አሳልፉት። ከዚያ በኋላ ይፋቅ የሚል ካለ እጁን ያውጣ፤ እከራከረዋለሁ፣ ካሸነፈኝም እሺ እላለሁ።

ደወሉ ሳይደወልብኝ ላብቃ።